አድብቶ የሚጎዳ



ሕክምና የምንማር ልጆች በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ ደጋግመን የምናገኛት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አለች፤ «ኢንሲዲየስ»። ብዙዎቻችን «አደገኛ» ብለን ተርጉመን እናልፋታለን። እኔ ግን ቃሏን ባየሁ ቁጥር ደሴ የምትኖረው አክስቴ ትዝ ትለኛለች።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አያቅታትም ነበር፤ ከጎኗ የተቀመጠውን ጀበና ግን በእጇ እየመታች ትደፋው ጀመር። «እርጅና ነው» አለች፤ ሁሉም ተቀበላት። ኋላ ነገሩ ሲብስ «ሞራ ይሆናል፣ ይገፈፋል» ተባለና ሐኪም ቤት ሄደች። ሞራ ሳይሆን ግላኮማ ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው ዓይኗ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። «ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያመኝ እንዴት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው የፈሳሽ ግፊት ጨምሮ፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ሲጎዳ የሚመጣ በሽታ ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነቱ አያምም፣ ዓይንም አያቀላም። ቀድሞ የሚጠፋው የዳር እይታ ነው። የጎደለውን አንጎል ራሱ ስለሚሞላው ሰውየው ጨለማ አይታየውም። ሞራ ይገፈፋል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም። በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ማቆየት የሚቻለው የቀረውን ነው።

የአክስቴ ጥያቄ መልሱ በቃሏ ውስጥ አለ። ቃሏ የመጣችው ከላቲን ሲሆን ሥሯ «ውስጥ መቀመጥ» ማለት ነው፤ ከዚሁ ሥር የወጣው ስም ደግሞ ደፈጣ ማለት ነው። ስለዚህ «አድብቶ የሚጎዳ» ብንላት ሥሯን ጭምር እንነካለን። «መሠሪ»ም ይቀርባታል፤ ነገር ግን መሠሪ የምንለው ሆን ብሎ ተንኮል የሚሸርብን ሰው ነው፤ በሽታ ደግሞ አያስብም።

ዘመዶቿን ለይቶ ማወቅ ለፈተናም ለጽሑፍም ይጠቅማል። «ፐርኒሸስ» የጥፋቱን ክብደት ይናገራል። ሰውነት ቫይታሚን ቢ12ን መምጠጥ ሲያቅተው የሚመጣው የደም ማነስ በዚህ ስም የተጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የጉበት ምግብ እንደሚያድን እስኪታወቅ ድረስ ሰው ይገድል ስለነበር ነው። «ትሬቸረስ» አምነነው የሚከዳን ነገር ነው፤ ጥልቀት የሌለው መስሎ የሚወስድ ወንዝ እንደማለት። «ሰትል» ረቂቅ ነው፤ ጉዳት ላይኖረው ይችላል። በድምፅ የምትመሳሰለው «ኢንቪዲየስ» ደግሞ ሌላ ናት፤ ከምቀኝነት ሥር የወጣች፣ ቅሬታ የሚያስነሳን ነገር የምትገልጽ። ድንገተኛ ጎርፍም ኢንሲዲየስ አይባልም፤ ሲመጣ ይሰማላ! የዚህች ቃል ልዩ ነገር መደበቁ የጉዳቱ አካል መሆኑ ነው። ምልክቱ ምልክት ማጣቱ ነው።

ነገሩ ከሕክምና ክፍል የማይወጣ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መጽሔት አላቀርበውም ነበር። ዑለማዎቻችን ሪያእን «ስውር ሺርክ» የሚሉት ለዚሁ ነው። ሰላቱን ለአላህ ብሎ የጀመረ ልጅ፣ ከኋላው ሰው መግባቱን ሲሰማ ሩኩዑን ያስረዝማል። አያምም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። ዶርም ውስጥ «ተጨንቄላት ነው እንጂ» ተብሎ የሚጀመረው ወሬም እንዲሁ ነው። ተናጋሪዋም አዛኝ ትመስላለች፣ ሰሚዎቹም አዛኝ ይመስላሉ፤ መጨረሻው ግን ጊባ ነው። ዝሙትና ስርቆት ሲመጡ እናውቃቸዋለን። እነዚህ ግን በመልካም ሥራችን ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁናል።

የማያምን ነገር ሕመም በመጠበቅ ማግኘት አይቻልም። መንገዱ አንድ ነው፤ ደህና ነኝ ባሉበት ቀን መመርመር። ለነፍስ ይህ ሙሐሰባ ይባላል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖሩት ሐሪስ አል-ሙሐሲቢ መጠሪያቸውን ያገኙት ከዚሁ፣ ነፍስን ከመተሳሰብ ነው። ከዒሻ በኋላ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ያንን ያደረግኩት ለማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ለማንኛችንም ከባድ አይደለም።

ለዓይንም እንዲሁ ነው። ግላኮማ በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ የታማሚ ወንድም፣ እህትና ልጆች ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ባለፈው ዒድ እናቴን ለምርመራ ስወስዳት «ምንም አላመመኝም እኮ፣ ገንዘብሽን ለምን ታወጫለሽ?» አለችኝ። «ስላላመመሽ ነው፣ እማዬ» አልኳት። የዓይኗ ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ እይታዋ ግን ገና አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ማታ ማታ ጠብታዋን ታደርጋለች፤ እኔም በስልክ አስታውሳታለሁ።

ለእረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ እናንተም ጠይቁ፦ ከዘመዶቻችን መካከል ዓይኑ በግላኮማ የጠፋ፣ ወይም «በእርጅና ነው» የተባለለት አለ? ካለ፣ ታላላቆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ሕመም ይሂዱ፤ «ምንም አልሆንኩም» የሚሉትም ይሂዱ።

አላህ ከምናውቀውም ከማናውቀውም ጉዳት ይጠብቀን። አሚን።