የጂናኒ እናት ለቅሶ

ቢማ፣ የጂናኒ እናት፣ ከአውስትራሊያዋ ዳርዊን በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ተሻግሬ ከቲዊ ደሴቶች በደረስኩ! ዛሬም ወፍ ሆነሽ ሌሊት ሌሊት ታለቅሻለሽ ይላሉ። ልጅሽን ጥላ ሥር አስተኝተሽ ሄድሽ፤ ፀሐይዋ ዞራ ደረሰችበት፤ ሞተ። ኋላ ጨረቃ የሆነው ታፓራ “በሦስት ቀን አስነሣዋለሁ” ቢል፣ የልጁ አባት ፑሩካፓሊ እምቢ አለ፤ ከእንግዲህ ሰው ሁሉ እንደ ልጄ ይሙት ብሎ ሬሳውን እንዳቀፈ ባሕር ገባ።

ባሕሩ ለሌላው ዓሣ ነው፣ ኤሊ ነው፣ መንገድ ነው። ላንቺ ግን፣ የኔ እናት፣ ባልሽና ልጅሽ የገቡበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 በባተርስት ደሴት የቲዊ ሴቶች የልብስ ስፌት ቤት ሲከፈት ባንቺ ስም ቢማ ዌር ተባለ። ስንት ደስ የሚል ስም ሞልቶ ያንቺ መመረጡ አንጀቴን ይበላዋል። በዚያው ዓመት ቤዴ ቱንጉታሉምና ጆቫኒ ቲፑንግውቲ፣ ገና ወጣቶች፣ በቀረጹት እንጨት ማተም ጀመሩ፤ ቲዊ ዲዛይን የተባለው የጥበብ ማዕከል ከዚያ ተነሣ።

ጥለቱማ ከሐዘን ቤት የወጣ ነው። በፑኩማኒ፣ ሙታን በሚሸኙበት ሥርዓት፣ ለቀስተኛው ነጭ፣ ቢጫና ቀይ አፈር ይቀባል፤ የሟቹ መንፈስ ማንነቱን እንዳያውቅበት። የእንጨት ማበጠሪያ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ገላ ላይ ሲያርፍ አንድ ረድፍ ነጥብ ይጥላል። ያ ነጥብ አሁን ጨርቅ ላይ ነው።

ጨርቁ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይወጠራል። ስክሪኑ፣ ጥለቱን የያዘው ወንፊት፣ ይቀመጣል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ በጎማ ጠርዝ ጫን ተደርጎ ይሳባል። እርጥቡ እንዳይበላሽ አንዱን ስፍራ ዘለው ቀጣዩን ያትማሉ፤ ሲደርቅ ተመልሰው የዘለሉትን ይሞሉታል። ወይ ያ የተዘለለ ስፍራ! የጨርቁስ ሞላ፤ የጂናኒን ማን ይሙላው?

ደግሞ ሌላ ለቅሶ አለብሽ። የአውስትራሊያ ምርታማነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ የቀደምት ሕዝቦችን ጥበብ ለሚመስል የማስታወሻ ዕቃ ከሚወጣው ገንዘብ ከሦስት እጅ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚውለው በሐሰተኛው ላይ ነው። የሐዘን ቀለም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ይቸበቸባል። ሟቹን ሳያውቁ እንዴት ለቅሶውን ይሸጣሉ?

እኔስ ከዚያ ጠረጴዛ ዳር በቆምኩ! ይህን ወፍ ማን ቀረጸው፣ ይህ ጥለት የየትኛው ቤተሰብ ነው ብዬ ጠይቄ፣ ያንቺን ታሪክ ከቲዊ ሴቶች አፍ በሰማሁ፤ አብሬያቸውም ባለቀስኩልሽ።