ቅዳሜ ማታ ደውልልኝ

ልጄ፣ ነገ ጠዋት በሐሙሲት አድርገህ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ። ፊት ለፊት ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቃሉ አልወጣልኝም፤ ስለዚህ ጻፍሁልህ።

የመጀመሪያዋን ጠላ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት በዋለ ጊዜ ገና 10 ዓመትህ ነበር። «ቅራሪ ነው፣ ምን ያደርገዋል» ብዬ ጣሳውን አቀበልሁህ። ጨልጠህ ስትጨርሰው ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ኮራሁ። 9ኛ ክፍል ስትደርስ ቅራሪው ጉሽ ሆነ፤ 12ኛ ክፍል ላይ አፍህ የዳጉሳ አረቄ ሲሸተኝ ዝም አልሁ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

«ግቢ ልጅ ያበላሻል» ሲሉ ትሰማለህ። እኔ ይህን አልቀበልም። አጎትህን እይ፤ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። መጠጡን ግን ግቢ አላስተማረውም፤ ከዚሁ ከአንበሳሜ ይዞት ሄደ። እዚህ የሚያየው ዓይን ነበረው፣ ዶርም ሲገባ የሚያየው አጣ። በሁለተኛው ሴሚስተር ፍራሹን ጠቅልሎ ተመለሰ። በውጭ አገር ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ይህንኑ ይላሉ፦ ከመግባቱ በፊት የለመደ ግቢ ሲገባ ያበዛል፣ ውጤቱም ይወርዳል።

የምትማርበትን ዲፓርትመንት ከሚወስኑልህ ነገሮች አንዱ የፍሬሽማን ውጤትህ ነው። መጠጥ እንቅልፍ ቶሎ ቢያመጣም እንቅልፉን ይረብሸዋል፤ ቀን ያነበብኸው አእምሮህ ውስጥ የሚሰፍረው ደግሞ በደህና እንቅልፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንተ ገና 19 ነህ፤ እኔ ግን ገና አጥንትህ ሳይጠና ሰጠሁህ። ይቅር በለኝ።

በእናትህ ሥራ ደግሞ እንዳታፍር። ደብተርህ የተገዛው ሌሊት ጢስ ውስጥ ተቀምጣ ባወጣችው አረቄ ነው። ዓይኗ ጠዋት ጠዋት የሚቀላውም ከዚያ ጢስ ነው። ሌላ ገቢ ቢኖረን ኖሮ ያን ጋን ገና ድሮ በደፋሁት ነበር።

በሶውንና ቆሎውን ከሻንጣህ ሥር አድርጋልሃለች። ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ወደ ከተማ ሲወጡ ደውልልኝ። ጠጥተህም ቢሆን ደውል፣ አልቆጣህም። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ እጠብቅሃለሁ።

አባትህ