ጀርባ መስጠትም ሙያ ነው

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሲመሽ ምን ይሠራል ተብለህ ብትጠየቅ፣ ደብተር ያርማል ብለህ ትመልስ ይሆናል። እውነትህን ነው፤ አርማለሁ። ደብተሩ ካለቀ በኋላ ግን ሱ-27 በሚባል የጦር አውሮፕላን ተሳፍሬ፣ ስሙን ከማላውቀው ሰው ጋር እዋጋለሁ። አትደንግጥ፤ አውሮፕላኑ ያለው ላፕቶፔ ውስጥ ነው። ዲ.ሲ.ኤስ. ወርልድ የሚባል የበረራ ጨዋታ በየአገሩ ያሉትን ሰዎች በኢንተርኔት እያገናኘ ባንድ ሰማይ ላይ ያዋጋቸዋል። ይህን የምነግርህ ላስቅህ ብዬ አይደለም፤ ጨዋታው ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ያደግሁትን አንድ ስሕተት ስላሳየኝ ነው።

የተወለድሁት ይርጋጨፌ አጠገብ፣ በቡናዋ ስሟ በተጠራው በኢዲዶ ነው፤ አሁን ዲላ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የጌዴኦን አገር አይተህ እንደ ሆነ ታውቀዋለህ፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በመካከሉ ቡና ተጠጋግቶ የበቀለበት ስለ ሆነ፣ ሰው 20 እርምጃ አሻግሮ አያይም። በዚህ ጥላ ውስጥ ያደገ ልጅ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ጠላት ጋር መዋጋትን ከየት አመጣው ትለኝ ይሆናል። ያመጣብኝ የኢንተርኔቱ መስመር ነው። የኔ መስመር ቀርፋፋ ነው። አውሮፕላን ካውሮፕላን ተጠጋግቶ በሚተናነቅበት ፍልሚያ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ሰውን ታስገድለዋለች። በሩቁ ፍልሚያ ግን ሚሳይሉ ራሱ መንገድ ላይ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ መዘግየቱ ያን ያህል አይጎዳም። እንግዲህ እንደ አቅሜ የሩቁን መረጥሁ።

ሱ-27ንም የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. በቆየው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት፣ በየካቲት 1991 የኛ ሱ-27ዎችና የኤርትራ ሚግ-29ዎች ሰማይ ላይ ተጋጥመው ነበር። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድሁም። ታሪኩን ሳነብ በጣም ያስገረመኝ፣ ከሩቅ ከተተኮሱት ኤር-27 የተባሉ ሚሳይሎች አብዛኞቹ ዒላማቸውን ስተዋል መባሉ ነው። ለምን ይስታሉ?

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዝ። የሚሳይል ሞተር የሚነደው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ተወረወረ ጦር ባገኘው ፍጥነት ይሄዳል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ሩቅ ይደርሳል፤ ዝቅ ባለው ወፍራም አየር ውስጥ ግን ቶሎ ይደክማል፤ ከላይ ከሚሄደው መንገድ ሲሶውን እንኳ ላይሄድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ከተኩስ በፊት ከፍታና ፍጥነት መያዝ ነው። ሁለተኛው፤ በራዳር የሚመራው ኤር-27 ዒላማውን እስኪመታ ድረስ የተኳሹን ራዳር ይፈልጋል፤ ተኳሹም ፊቱን ፈጽሞ ማዞር አይችልም። ነገር ግን ዒላማውን በራዳሩ ዳር ላይ እንደ ያዘ 50 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ቢታጠፍ፣ የራሱን ሚሳይል እየመራ የጠላቱን ሚሳይል መንገድ ያስረዝምበታል። ሦስተኛው፤ የተተኮሰበት ሰው ዝቅ ብሎ ለጠላት ራዳር በ90 ዲግሪ ጎኑን ቢሰጠው፣ ወደ ራዳሩ ስለማይቀርብም ስለማይርቅም ከመሬቱ ለይቶ ማየት ያስቸግራል፤ ይኸውም ክፍል ውስጥ የዶፕለር ውጤት እያልን የምናስተምረው ነው። አራተኛውና ዋናው፣ ጊዜው ሳያልፍ ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ ነው። የሚያሳድድህ ሚሳይል አንተ በራቅህ ቁጥር ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ ዞረህ እንደ ገና ትገጥማለህ።

እኔ እንቢ ያልሁት ይህን አራተኛውን ነበር። ጀርባ መስጠት ነውር ነው እየተባልሁ ነው ያደግሁት። የተኮስሁትን ሚሳይል ተከትዬ ፊት ለፊት እገባለሁ፤ ያም ይተኩሳል፤ እቃጠላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ስቃጠል ከረምሁ።

ኋላ ነገሩ ሲገባኝ ወደ ክፍል ይዤው ገባሁ። ቬክተር ሲባል ያንቀላፉ የነበሩት ተማሪዎቼ ነቁ። አንዱ ግን እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ከዞረማ ፈርቶ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። የምመልሰው ጠፋኝና፣ ነገ እነግርሃለሁ ብዬው ወጣሁ።

ያን ዕለት ማታ በመምህራን ክፍል ተቀምጬ ስጫወት፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ገብተው ከኋላዬ ቆሙ። በ1991 ባድመ ግንባር እግረኛ ወታደር ነበሩ።

«ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«ጠላት ነው፣ ጋሼ።»

«ሰው አለበት?»

«አለበት፤ እሱም እንደኔ ቤቱ ተቀምጦ ነው።»

የተተኮሰብኝን አይቼ ስዞር ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡ።

«መድፍ ሲወርድብን አጠገቤ አንድ ልጅ ነበር» አሉ። «ለመድፍ አንገቴን አልደፋም ብሎ ቆመ። ደፋር ልጅ ነበር። እኔ ጉድጓዴ ገባሁ። እሱ እዚያው ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ የተረፍሁት ፈሪ ሆኜ ነው ወይ እያልሁ እኖራለሁ። ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም።» ጥቂት ቆይተው፣ «እዚህ ባንተ ጨዋታ ዞሮ የሚመለሰው ሰው ምን ይባላል?» አሉኝ።

«ሥራውን የሚያውቅ ይባላል፣ ጋሼ» አልኋቸው።

አልመለሱልኝም። ባትሪያቸውን አብርተው ወደ በሩ ሄዱ። ወደ ስክሪኑ ብመለስ፣ ሳላየው የመጣ ሁለተኛ ሚሳይል መትቶኝ ኖሮ አውሮፕላኔ ይቃጠላል። እኔ አንድ ቁልፍ ብጫን ሌላ አውሮፕላን ይሰጠኛል። ያ ልጅ ግን የሚጫነው ቁልፍ አልነበረውም።

በማግሥቱ ለተማሪዬ እንዲህ ስል መለስሁለት። ፈሪ የሚዞረው ስለ ደነገጠ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ የሚዞረው ርቀቱን አስልቶ፣ ተመልሶ ሊገጥም ነው። ከሩቅ ለሚያያቸው ግን የሁለቱም ጀርባ አንድ ነው፤ ስለዚህ በሰው ጀርባ ለመፍረድ አትቸኩል። አስልቶም ሆነ ደንግጦ ጉድጓድ የገባ ሰው፣ መትረፉ ዕዳ ሊሆንበት አይገባም።

አንተም፣ ውድ አንባቢ፣ ተማሪም ብትሆን የቢሮ ጸሐፊ፣ «አንዴ ተናግሬያለሁና አልመለስም» የምትልበት ቀን ይመጣብህ ይሆናል። ያን ቀን ከማፈርህ በፊት ርቀቱን ለካ። ገና ጊዜ ካለህ ዙር፤ ነገ ደግሞ ትገጥማለህ።

ዘበኛችን ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ብቅ እያሉ፣ «መምህር፣ ዛሬስ ዞርህ?» ይሉኛል።

«ዞርሁ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።