የዘመድ ኩላሊት

ጋሼ ጆሯቸው ደከመ፤ «እርጅና ነው» ተባለ። እግራቸው አበጠ፤ አሁንም እርጅና ነው። ደማቸው ሲመረመር ኩላሊታቸው አልቋል። አልፖርት የሚባለው በዘር የሚወረስ በሽታ ኩላሊትንና ጆሮን አብሮ ይጎዳል፤ በአንዳንዶች ላይ ቀስ እያለ ሽበት እስኪወጣ ይቆያል። ስንቱ በሽታ «እርጅና» ተብሎ ተቀበረ!

*

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ከመንትያ ለመንትያ የተደረገ ነበር። ሰውነት የራሱ መስሎት ተቀበለው። በዘር በሚወረስ በሽታ ግን መመሳሰል ያሰጋል፤ ዛሬ ጤነኛ የሚመስለው ወንድም ነገ በዚያው በሽታ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ አንዱ ታማሚ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

*

አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ኩላሊቱም የሚገኘው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። እናም ቤት ውስጥ «ማን ይስጥ?» ይባላል፤ «በሽታው ከየት መጣ?» የሚል የለም።

*

ኩላሊት መቀየር ሁልጊዜ ጥፋቱን ማስወገድ አይደለም። ለጋሹ በሽታውን ካልወረሰ፣ አልፖርት ያለበት ሰው የሚተከልለት ኩላሊት ከበሽታው ነፃ ነው። ኦክሳሉሪያ በሚባለው የዘር በሽታ ግን ጥፋቱ ጉበት ውስጥ ስለሆነ፣ ጉበቱ ካልተቀየረ ወይም በመድኃኒት ካልተገታ አዲሱንም ኩላሊት ያበላሸዋል። የሚያንገበግበው ደግሞ ኤፒአርቲ የተባለ ኢንዛይም እጥረት የሚያመጣው የዘር በሽታ ነው። ለሪህ የሚታዘዘው ርካሹ አሎፑሪኖል ይገታዋል፤ የበሽታቸውን ስም የተተከለላቸው ኩላሊት ከተጎዳ በኋላ የሰሙ ግን አሉ።

*

አባት «እኔ ኖሬያለሁ፤ ልጄን አትንኩብኝ» ይላሉ። ዕድሜያቸውስ ምክንያት አይሆንም፤ ዩሮትራንስፕላንት የተባለው የአውሮፓ የአካል ልገሳ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለጋሾችን ኩላሊት በዚያው ዕድሜ ላሉ ታማሚዎች የሚያደርስበት አሠራር አለው። ስለ ልጃቸው ግን ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንዳንዱ በሽታ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የልጁን ፍቅር ማን ተጠራጠረ? የሚመረመረው ዘረመሉ ነው።

*

ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ለበሽታ አንድ ቤት እንኳ አንቆጥርም። የጋብቻው ቆጠራ ግን ያልታሰበ ጥቅም አለው፦ ከቤቱ ሁሉ የባልን የዘር በሽታ ላትጋራ የምትችለው ሚስት ናት። ልጆቹ «እኔ ልስጥ፣ እኔ ልስጥ» እያሉ ሲላቀሱ፣ ጤናቸው ከፈቀደ፣ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረባቸው እናታቸው ናቸው።