የሴት ዜማ የሚባል አለን?

ልጄ ማታ ማታ ጊታሯን ይዛ፤ ራሷ የገጠመችውን ግጥም ራሷ ባወጣችው ዜማ ታንጐራጕራለች። አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ሳሉ፤ «ይህ እንኳ የሴቶች ዘፈን ነው» ብዬ ተናገርሁ። ያቃለልኋት አልመሰለኝም ነበር። እርሷ ግን ጊታሩን ከግድግዳ ላይ ሰቅላ፤ «አባባ፤ ግጥሙ ሥራ ፈልጎ ስላጣ ሰው ነው፤ ሴትነቱ በየትኛው ስንኝ ላይ ታየዎት?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዶሴ ስንመድብ የምንመለከተው ነገሩን ነው፤ የውርሱ ከውርስ፤ የዕዳው ከዕዳ ጋራ ይቀመጣል። ከሳሺቱ ሴት ስለ ሆነች ብቻ ዶሴዋ ለብቻው አይቀመጥም። በልጅነቴ በተማርሁበት በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ጕባኤ ቃና ሁለት ቤት፤ መወድስ ስምንት ቤት ይሆናል፤ መለያቸውም ልካቸው እንጂ የተቀኘው ሰው አይደለም። በጎጃም ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለወንዶች ደቀ መዛሙርት ያስተማሩት ያንኑ ቅኔ ነበር።

ይህ ነገር በአሜሪካም አገር ታይቷል። ትሬሲ ቻፕማን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ራሷ የደረሰችውን «ፋስት ካር» የተባለ ዘፈን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 አወጣች፤ ከድህነት ለማምለጥ የምትመኝን ሴት ኑሮ ይተርካል። ከ35 ዓመት በኋላ፤ በ2023፤ ካንትሪ በሚባለው በአሜሪካ ባላገሮች ዘፈን የታወቀው ሉክ ኮምስ ይህንኑ ዘፈን ዘፈነው። በዚያው ዓመት የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን የድርሰት ሽልማት ለደራሲዋ ለትሬሲ ሰጠ። እንግዲህ ዘፈኑ በወንድ አፍ ሲሰማ «ካንትሪ» ከተባለ፤ በሴት አፍ ሲሰማ «የሴት ዘፈን» መባሉ በምን ሕግ ነው?

እርግጥ ሴት ያየችውን ወንድ ሳያየው ይቀር ይሆናል፤ ይህም ለግጥሙ አሳብ ይሰጠዋል። ነገር ግን አሳብ ሌላ፤ የዜማ ወገን ሌላ ነው። ሴቶችን ሁሉ በአንድ ስም የጠቀለልን እንደ ሆነ፤ አንዲቱን ከሌላዪቱ ጋራ ብቻ እናመዛዝናለን፤ ሥራዋንም በሙያው ሚዛን ሳንመዝነው እንቀራለን። እኔም በልጄ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ትናንት ማታ ጊታሩን ከተሰቀለበት አውርጄ ሰጠኋት። ዘፍና ስትጨርስም፤ «ሦስተኛው ስንኝ ቤት አይመታም» አልኋት። ፊቷ በራ፤ ወዲያውም እርሳስ አንሥታ ማረም ጀመረች።