ዐማራት ላይ የተቆለፈብኝ ሰርቨር



ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከካምፓላ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የማኅበራቸውን ሰርቨር ወደ አዲስ የሊኑክስ ስሪት ሊያሳድገው ነው። «ከቤቴ ሆኜ በርቀት ብሠራው ችግር አለው?» ይላል። ለእሱ ብቻ መልሼ ልተወው ነበር። ግን ይሄ ጥያቄ እኔን አንዴ ክፉኛ ስላስከፈለኝ እዚህ ልጻፈው ብዬ መጣሁ። ኮምፒውተር የማታውቁ ዘመዶቼም እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ እናንተንም ይመለከታል።

ካርቱም የኖራችሁ ዐማራትን ታውቃላችሁ። ከኤርፖርቱ በስተምዕራብ ያለው፣ መንገዶቹ በቁጥር የሚጠሩት ሰፈር። የኛ ሰው እዚያ የሚውለው ቤት ሊያጸዳ፣ ልጅ ሊይዝ፣ ጥግ ይዞ ሻይና ቡና ሊሸጥ ነበር። እኛ ደግሞ አንድ ወዳጃችን በሚሠራበት ቢሮ ጓዳ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጭነንበታል። ነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽንም አይንቅም። ሥራው አንድ ነበር፦ በከሻ ማን ተያዘ፣ የት ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ ለማን ይደወል። ቤተሰብ መልእክት ይልካል፣ ተረኛው አይቶ ይሮጣል።

በ2021 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ጅሬፍ ካለችው ክፍሌ ሆኜ ከዘጠነኛው ስሪት ወደ ዐሥረኛው ላሳድገው ተነሣሁ። በማታ ዐማራት ድረስ መሄድ ከሻ ስለሚያስፈራ በርቀት ገባሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አንድም ስሕተት አላሳየም። ደስ ብሎኝ «ጠፍተህ ተነሣ» አልኩት።

ጠፋ። ተመልሶ ግን አልመጣም። ዐሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ዝም።

ሱዳን ዓርብና ቅዳሜ ሥራ የለም። ቁልፍ የያዘው ወዳጃችን ወድ መደኒ ሄዷል። ዓርብ ጠዋት ዐማራት ሄጄ ዘበኛውን ለመንኩት። «ቁልፉ እኔ ጋ የለም፣ እሑድ ና» አለኝ። እውነቱን ነው።

እሑድ ገብቼ ሞኒተርና ኪቦርድ ሰካሁ። ማሽኑ ደኅና ነው። ገመዱ ተሰክቷል፣ የኔትወርኩ መብራት ብልጭ ይላል። የጠፋው ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ሊኑክስ የኔትወርክ ካርዶችን ባገኛቸው ተራ ኢቲኤች0፣ ኢቲኤች1 እያለ ይጠራቸው ነበር። ሁለት ካርድ ያለው ማሽን ላይ ግን ተራው አንዳንዴ ይገለባበጣል። ስለዚህ ከ2013 ወዲህ ካርዱ በተሰካበት ቦታ መጥራት ተጀመረ፤ ለምሳሌ ኢኤንፒ2ኤስ0። የኛ ማሽን ከቆዩ ስሪቶች እየተሻሻለ የመጣ ስለነበር አሮጌውን ስም በአንድ የድሮ ፋይል ይዞ ቆይቷል። በ2019 የወጣው ዐሥረኛው ዴቢያን ያንን ፋይል ከእንግዲህ አልደግፍም ብሎ በመግለጫው አስጠንቅቆ ነበር። እኔ መግለጫውን አላነበብኩም። ካርዱ በአዲስ ስም ተነሣ፤ አድራሻውን የሚሰጠው መዝገብ ግን አሁንም ኢቲኤች0ን ይፈልጋል። «እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ ተቀመጠ።

ወረቀታችሁ ላይ ስማችሁ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ከመስኮት የተመለሳችሁ ይሄን ለማስረዳት እኔ አላስፈልጋችሁም። ሰውየው እዚያው ቆሟል፤ መዝገቡ ግን የለም ይላል።

አንዲት ቃል አስተካከልኩ፣ በሁለት ደቂቃ ተነሣ። ግን ዓርብ ከቀትር በኋላ አንድ ልጅ ተይዞ ነበር። እህቱ በለመደችው መንገድ ስትልክ አይሄድላትም። ሌላ ስልክ ቁጥር አልሰጠናትም። ልጁ ቅጣቱን የሚከፍልለት አጥቶ ሁለት ሌሊት ታስሮ አደረ። «እናንተን ብዬ ሌላ ሰው አልለመንኩም» ያለችኝ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ለካምፓላው ወንድሜ፣ ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይሄ ነው፦

1ኛ. የአዲሱን ስሪት መግለጫ፣ በተለይ ስለ ኔትወርክ የሚለውን፣ ሳላነብ አልነካም።

2ኛ. መረጃውን ከማሽኑ ውጭ እገለብጣለሁ። የካርዱን የአሁን ስምና ማክ አድራሻ በወረቀት እጽፋለሁ። ስም ይለወጣል፣ ማክ አድራሻ ካርዱ ላይ የተጻፈ ነው። ስሙን ከማክ አድራሻው ጋር ካሰርከው አይጠፋብህም።

3ኛ. ሥራውን ቲመክስ ውስጥ አስጀምራለሁ። መብራት ሄዶ የኔ መስመር ቢቋረጥ እዚያ ያለው ሥራ አይቆምም።

4ኛ. ኡቡንቱ ከሆነ ማሳደጊያው ራሱ በ1022 ቁጥር ትርፍ በር ይከፍታል፤ ፋየርዎሉ ላይ ግን አንተ ነህ የምትፈቅደው። ማሽኑ ጠፍቶ ከተነሣ በኋላ ያ በር አያድንህም።

5ኛ. ከሁሉም በላይ፣ ማሽኑ አጠገብ ኪቦርድ የያዘ ሰው ይቀመጥ። የሥራ ቀን ይሁን። ተጠቃሚዎችህም አስቀድመው ሌላ ስልክ ቁጥር ይኑራቸው።

ያ ማሽን ዛሬ የለም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር ኤርፖርቱ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ነበር፤ ዐማራት አጠገቡ ናት። ኮምፒውተሩን ማንም ሊያነሣው አልቻለም። መዝገቡ ግን ከ2021 ወዲህ በሌላ አገርም ቅጂ ስለነበረው፣ በመተማ የወጡትን ከቤተሰብ ያገናኘነው በሱ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የሱዳን የስልክ ኔትወርክ በአብዛኛው አገሪቱ ሲጠፋ፣ ስታርሊንክ ካለው ሰው ዘንድ ተራ ይዘው ድምፃቸውን ያሰሙን ቁጥራችንን በወረቀት የያዙት ናቸው።

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ለእናንተም ያው ነው። አገር ስትለውጡ አዲሱ ሲም መሥራቱን ሳታዩ አሮጌውን አትጣሉ። ዋትስአፕን ከማጥፋታችሁ በፊት ቁጥር መለወጫው ላይ ገብታችሁ አዲሱን አስገቡ። የሁለት ሰው ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ልብሳችሁ ውስጥ ስፉት።

አሮጌው በር ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ መከፈቱን በዓይናችሁ እዩ። ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍልኝ፤ ለሚጠቅመው ሰው አድርሱት።

ሰላማችሁ ይብዛ።