የመሪ ዘይት ቋት ውስጥ የፍሬን ዘይት ጨመርኩ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ ሥራዬ ኢማማችንን ማገዝና ልጆች ማስቀራት ነው። ግን በራሴ ጥፋት የተማርኩት ነገር አለና፣ ከእናንተ መካከል ሹፌር፣ ረዳት ወይም የዘይት ሱቅ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ቢሰማው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ባለፈው በጋ የጎረቤቴ እናት ታመው ከጋምቤላ ወደ መቱ ሪፈር ተጻፈላቸው። የሰፈራችን ሐጂ የአሮጌ ቶዮታቸውን ቁልፍ ሰጡኝና "ነገ ከፈጅር በኋላ ይዘሃቸው ውጣ። ዘይትና ውሃዋን ግን ዛሬውኑ እይ" አሉኝ።

ከዐስር በኋላ ኮፈኑን ከፈትኩ። የመሪው ዘይት ከታችኛው መስመር ወርዷል። ሱቅ ሄጄ "የመሪ ዘይት" አልኩ፤ ልጁ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አቀበለኝ። ሙቀቱም ጥድፊያውም ነበርና ሳላነብ ገለበጥኩት። ሞተር አስነስቼ መሪውን ግራና ቀኝ አዞርኩ፤ ደህና ነው። ጠርሙሱን ልጥል ስል ጽሑፉን አየሁት። "ዶት 3" ይላል። የፍሬን ዘይት ነው!

ሞተሩን አጠፋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ማለት ነበር። መሪው ቀሎ ይዞራል፤ ያየኝ ሰው የለም። ቢበላሽም መኪናዋ አሮጌ ናት፣ በእርጅናዋ ይሳበባል። መግሪብን ስሰግድ ግን ልቤ እዚያው ኮፈኑ ሥር ነበር። ከሶላት በኋላ ደወልኩላቸው።

ሐጂ ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ አሁን ስለነገርከኝ የምንደፋው ዘይት ነው። የቡሬ ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ የምንጨነቀው ለሰው ነበር" አሉኝ። ወዲያው መካኒክ ላኩልኝ።

መካኒኩ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ኡስታዝ፣ ሞተር አስነስተዋል?" ብሎ ነው። ባላስነሳ ኖሮ ቀላል ነበር፤ ዘይቱ አብዛኛው ቋቱ ውስጥ ስለሚቆይ በትልቅ ሲሪንጅ መጥጦ፣ ቋቱን አጽድቶ፣ ትክክለኛውን መሙላት ነው። ሞተሩ ከተነሳ ግን ፓምፑ ወደ ቱቦውና ወደ መሪ ሳጥኑ ይገፋዋል።

ምክንያቱንም አስረዳኝ። የመሪው ጎሚኒዎች የተሠሩት ለማዕድን ዘይት ነው። ዶት 3 ደግሞ ዘይት ይባል እንጂ ሌላ ኬሚካል ነው፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ፓምፑንም እንደሚገባው አያለሰልስም። ስለዚህ ጉዳቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል። ውሎ አድሮ መሪው ይጮኻል፣ ያፈሳል፣ ይከብዳል።

የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አነሳ። ወደ ቋቱ የሚመለሰውን ቱቦ ፈትቶ ጀሪካን ውስጥ አደረገ። አዲስ የካምቢዮ ዘይት እየጨመረ፣ እኔ መሪውን ከዳር ዳር አዞርኩ። ፓምፑ ደርቆ እንዳይሠራ ቋቱን ባዶ አላደረገውም። ንጹሕ ቀይ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ደጋገምነው።

ያም ሆኖ በማግሥቱ መኪናዋን አላመናትም። እናታችንን በሌላ መኪና ላክናቸው፤ ጎረቤቴን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ፓምፑ ማፍሰስ ጀመረ። ጎሚኒዎቹን በራሴ ገንዘብ አስቀየርኩ። ሐጂ "ተወው" ቢሉኝም ሐቃቸው ነውና አልተውኩም።

ወንድሞቼ፣ ከዚህ የያዝኩትን ልንገራችሁ።

ከመጨመራችሁ በፊት የቋቱን ክዳንና የመኪናውን መጽሐፍ አንብቡ። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች መሪያቸው የካምቢዮ ዘይት፣ ማለትም ዴክስሮን ነው የሚወስደው። ሌሎች የራሳቸው ዓይነት አላቸው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ብዙዎቹ ጭራሽ ዘይት የላቸውም።

ከተሳሳታችሁ ሞተር አታስነሱ።

የተገላቢጦሹ ስህተት ደግሞ የከፋ ነው። የመሪ ዘይት ፍሬን ቋት ውስጥ ከገባ የፍሬኑ ጎሚኒዎች ያብጣሉ፣ ፍሬኑም እምቢ ሊል ይችላል። ያን መኪና አንድ ሜትር እንኳ አትንዱት።

ሱቅ የምትሠሩም፣ ደንበኛው የፈለገውን እርግጠኛ ካልሆናችሁ "ለየትኛው ቋት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

የሰው መኪና አማና ነው። ስታጠፉ ቶሎ ተናገሩ፤ ዝም ባላችሁ ቁጥር ጥፋቱ ከቋት ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፕ ወደ መንገድ ይሄዳል።

አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ለሹፌር ወዳጆቻችሁ አድርሱልኝ።